ባዕድን አግብቶ ባገር ስለ መኖር

በምሥራቅ ጎጃም፥ በቢቸናና በሞጣ አገር፥ ሮብ ገበያ የሚባል ስፍራ አለ። ስሙን ያገኘው ከረቡዕ ገበያ ነው። በገበያ ቀን ሰው ከደጋውም ከቆላውም ይመጣል፤ ጤፉን የጫነ፥ በጉን የሚነዳ፥ ጨውና በርበሬ የሚፈልግ ሁሉ ባንድ ሜዳ ይገናኛል። ከሩቅ አገር የመጣ ነጋዴም በዚያ ቀን አይቸገርም። ዋጋ ለመጠየቅና ለመክፈል ብዙ ቋንቋ አያስፈልግም፤ በጣቱ ቈጥሮ ይስማማል፥ ሲመሽም አህያውን ጭኖ ይሄዳል። አባትህ ማን ነው፥ አያትህስ ማን ነው ብሎ የሚመረምረው የለም።

ገበያው ከተፈታ በኋላ በዚያው የሚቀር እንግዳ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከማን ቤት ያድራል? ቢታመም ማን ይጠይቀዋል? ቢበደል ማን ይቆምለታል? ቢሞትስ ማን ያለቅስለታል? እንግዳ በመጣበት ቀን ይከበራል፤ እግሩ ይታጠባል፥ የተሻለው እንጀራም ይቀርብለታል። በሰነበተ ጊዜ ግን አክብሮቱ ይቀንሳል፥ ጥያቄውም ይበዛል። ከሚሰነብቱትም እንግዶች ሁሉ የሚበልጠው በጋብቻ የመጣ ነው፤ እርሱ ዕድሜውን ሙሉ ይሰነብታልና። ስለዚህ ከባዕድ አገር ሚስት ወይም ባል አግብቶ ባገሩ ለመኖር የሚያስብ ሰው፥ ከሠርጉ ቀን አስቀድሞ ምን እንደሚጠበቅበት ሊያውቅ ይገባዋል።

የአባት ቤት ስለ ራቀባት ሙሽራ

ባገር ልማድ ጋብቻ የሁለት ሰዎች ብቻ አይደለም፤ የሁለት ቤቶች ነው። ወላጆች ዘመድ ከዘመዱ እንዳይጋባ እስከ ሰባት ቤት ይቈጥራሉ፤ ሽማግሌ ይልካሉ፤ ውል ይዋዋላሉ። ባልና ሚስት የተጣሉ እንደ ሆነም ሚስቲቱ ኰርፋ ወደ አባትዋ ቤት ትሄዳለች። በዚያም እናትዋ ታጽናናታለች፥ ወንድሞችዋም ይቈጡላታል። ባልየው ሽማግሌ ሰብስቦ ይመጣል፤ ሽማግሌዎችም የሁለቱን ቃል ይሰማሉ፥ ያጠፋውን ይገሥጻሉ፥ የተበደለውን ያስክሳሉ፥ አስታርቀውም ይመልሷታል። ስለዚህ የአባትዋ ቤት የግማሽ ቀን መንገድ ቢርቅም እንኳ ለሴቲቱ ምሽግዋ ነው። ባልየውም ያ ምሽግ እንዳለ ስለሚያውቅ እጁንና አንደበቱን ይጠብቃል።

ከባዕድ አገር የመጣች ሙሽራ ግን ይህ የላትም። ብትኰርፍ የምትሄድበት የአባትዋ ቤት ከባሕር ማዶ ነው። የሚሰበሰቡት ሽማግሌዎች የባልዋ አጎቶችና የባልዋ ጎረቤቶች ናቸው፤ የሚነጋገሩትም እርስዋ በማታውቀው ቋንቋ ነው። ስለዚህ ባለጋራዋም፥ አስተርጓሚዋም፥ ዳኛዋም አንድ ሰው ብቻ ይሆንባታል፤ እርሱም ባልዋ ነው። ይህ ለአንድ ሰው እጅግ የበዛ ሥልጣን ነው። ሥልጣንም ሲበዛ ደጉን ሰው እንኳ ይፈትናል። የባዕድ አገር ሰው ሆኖ ወደ ሚስቱ አገር የመጣ ባልም እንዲሁ ነው፤ በአማቶቹ መካከል አንደበት እንደሌለው ሕፃን ሆኖ ይቀመጣል።

ከዚህ የተነሣ በእንዲህ ያለ ጋብቻ የሚበልጠው ዕዳ ባገሩ በሚኖረው ላይ ነው። ብዙ ሰዎች ግን ነገሩን ገልብጠው ያስባሉ። እንግዳው ይልመድ፥ እንግዳው ይታገሥ፥ እንግዳው ይለወጥ ይላሉ። መልመድስ ይገባዋል፤ ነገር ግን በሩን ከውስጥ የሚከፍት ከሌለ፥ ከውጭ ቆሞ የሚያንኳኳ ሰው ስንት ዘመን ሊያንኳኳ ይችላል?

አንድ ምሳሌ ይህን ያስረዳል። ባልየው ሚስቱን ከውጭ አገር አምጥቶ በዘመዶቹ መካከል አስቀመጣት እንበል። ዘመዶቹ በመሶቡ ዙሪያ እየተጫወቱ ይስቃሉ። እርስዋም ወደ ባልዋ ዘንበል ብላ፥ ምን አሉ? ትለዋለች። እርሱም፥ ምንም አላሉም ይላታል። ይህን የሚናገረው በክፋት አይደለም፤ መተርጐም ስለ ሰለቸው ነው። ነገር ግን ምንም አላሉም የሚለው ቃል በየዕለቱ ሲደጋገም፥ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እንደሚደረደር ካብ በሴቲቱ ዙሪያ ይቆማል። ከዓመት በኋላ ባልየው፥ ሚስቴ ዘመዶቼን አትወድም ብሎ ያዝናል። ካቡን ማን እንደ ካበው ግን አያስታውስም።

የቅዱሳት መጻሕፍት ምስክርነት

ሙሴ ኢትዮጵያዊቱን ሴት ስላገባ እኅቱ ማርያምና ወንድሙ አሮን እንዳሙት በኦሪት ዘኍልቍ ተጽፏል። እግዚአብሔርም የተቈጣው በሙሴ ላይ ሳይሆን ባሙት ላይ ነው። ማርያም በለምጽ ተመታች፥ ሰባት ቀንም ከሰፈር ውጭ ተዘጋባት። እንግዳይቱን ሴት ከሰፈሩ ሊለይ የተነሣ አንደበት ራሱ ከሰፈሩ ውጭ ሆነ። ሙሴም እኅቱ ትድን ዘንድ ጸለየላት እንጂ አልተበቀላትም። ሚስቱን የሚጠብቅ ሰው ዘመዶቹን መጥላት እንደማያስፈልገው ከዚህ ይታወቃል።

ሞዓባዊቱ ሩትም ባልዋ ከሞተ በኋላ አማትዋን ኑኃሚንን ተከትላ ወደ ቤተ ልሔም መጣች። ቃልዋ መልካም ነበረ፤ ነገር ግን በቃልዋ ብቻ ቤተኛ አልሆነችም። ኑኃሚን ያገሩን ልማድ አስተማረቻት፤ ቦዔዝም በእርሻው እንድትቃርም ፈቀደላት፥ ማንም እንዳይነካት ጐልማሶቹን አዘዘ፥ ኋላም በከተማይቱ በር በሽማግሌዎች ፊት በአደባባይ አገባት። ከእርስዋም ኢዮቤድ ተወለደ፤ ኢዮቤድም የዳዊት አያት ነው። አስተማሪ፥ ሥራና የአደባባይ ክብር፥ እነዚህ ሦስቱ ሩትን ቤተኛ አደረጓት።

ካገር ታሪክ የተገኘ ምስክር

በኢትዮጵያም ታሪክ እንዲህ ያለ ጋብቻ ብዙ ጊዜ ታይቷል። ከዚህ በታች የሚጠሩት ዘመናት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በዚሁ በምሥራቅ ጎጃም የመርጡለ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ትገኛለች። ይህችን ቤተ ክርስቲያን በታላቅ ክብር ያሠራቻት ንግሥት እሌኒ ናት። እሌኒ የጎጃም ተወላጅ አልነበረችም፤ የሐድያ ገራድ ልጅ ነበረች፥ ያደገችውም በእስልምና ነው። ከ1434 እስከ 1468 የነገሠው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ አገባት። ጋብቻው የሁለት መንግሥታት ስምምነት እንጂ በልጅቱ ምርጫ የሆነ አልነበረም። በእንዲህ ያለ መንገድ የመጣች ሴት ዕድሜዋን ሙሉ እንደ እስረኛ ልትኖር በቻለች ነበር።

እርስዋ ግን ክርስትናን ተቀብላ መጻሕፍትን አወቀች፤ የቤተ መንግሥቱን ማዕድ ማሰናዳትም፥ ሕጉንም፥ የመንግሥቱንም ምክር ተማረች። ከባልዋ ሞት በኋላ የነገሠው በእደ ማርያም እንደ እናቱ አከበራት። በ1508 ልብነ ድንግል ገና ልጅ ሳለ ሲነግሥም መንግሥቱን ከያዙት መካከል ዋናይቱ እርስዋ ነበረች። ማቴዎስ የሚባለውን መልእክተኛ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ የላከች እርስዋ ናት፤ መልእክተኛውም በ1514 ወደ ሊዝቦን ደረሰ። ከዚህም የተነሣ የፖርቱጋል መልእክተኞች በ1520 ወደ ኢትዮጵያ መጡ። ከባዕድ ቤት የመጣችው ሙሽራ፥ ለሌሎች ባዕዳን በር የምትከፍት የቤት እመቤት ሆነች። ይህ የሆነው ሥራ ስለ ተሰጣት፥ ምክርዋም ስለ ተሰማ ነው። ሥራ የሌለው እንግዳ ዘወትር ወደ መንገዱ ይመለከታል፤ ሥራ ያለው ግን ወደ ቤቱ ይመለከታል።

ሁለተኛው ታሪክ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የሆነ ነው። ጆን ቤል የሚባል እንግሊዛዊ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ወርቅነሽ የምትባል ያገር ሴት አገባ፤ የዐፄ ቴዎድሮስም ሊቀ መኳስ ሆነ። በ1860 ንጉሡን ሲከላከል በጦርነት ሞተ። ልጁ ሱዛን በ1859 ቴዎፍሎስ ዋልድማየር የሚባለውን የስዊስ ሚሲዮናዊ አግብታ ነበር። ዋልድማየርም በሚስቱ አገር በጋፋት ከሌሎች የሚሲዮን ሠራተኞች ጋር ተቀመጠ። የሚያስተምርና የእጅ ሥራ የሚያሠለጥን ሰው ሆኖ መጣ፤ ንጉሡ ግን መድፍ እንዲሠሩለት ፈለገ፥ ሴባስቶፖል የተባለውም ታላቅ መድፍ በጋፋት ተሠራ። በእነዚህ ዓመታት ባልየው እንግዳ፥ ሚስቲቱ ባላገር ነበሩ፤ ያገሩን ቋንቋና ልማድ የምታውቀው እርስዋ ናትና።

በሚያዝያ 1868 ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ሞቱ። ዋልድማየርና ቤተ ሰቡም ከእንግሊዝ ጦር ጋር ካገር ወጡ። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ተገለበጠ። ዋልድማየር ወደ ሶርያ አገር ሄደ፤ በሊባኖስ ተራራ በብሩማና በ1873 ትምህርት ቤት አቆመ። ሱዛንም ተወልዳ ያደገችበትን አገር ትታ በማታውቀው ሕዝብ መካከል ኖረች። ትናንት ባላገር የነበረችው ዛሬ እንግዳ ሆነች። እንግድነት እንደ ማኅበር ጽዋ ነው፥ ተራው ይዞራል። ስለዚህ ባገሩ የሚኖር ሰው፥ ለእንግዳ የትዳር ጓደኛው የሚሰፍርበት መስፈሪያ ነገ ለእርሱም ሊሰፈርበት እንደሚችል ያስብ።

ሦስተኛው የዶክተር መላኩ በያን ታሪክ ነው። መላኩ በአሜሪካ የተማረ ኢትዮጵያዊ ሐኪም ነበረ። በ1931 ዶሮቲ ሐድሊ የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት አገባ። በ1935 በዋሽንግተን በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርቱን ፈጽሞ፥ ሚስቱንና ትንሹን ልጁን ይዞ ወደ አገሩ ተመለሰ። ቤታቸውን ገና ሳያደራጁ በጥቅምት 1935 የኢጣልያ ጦር ኢትዮጵያን ወረረ። መላኩ የቈሰሉትን ለማከም ወደ ጦር ሜዳ ሄደ። በሚቀጥለው ዓመት ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ስደት ሲሄዱ እርሱም አገሩን ለቀቀ፤ ኋላም መልእክተኛቸው ሆኖ ወደ አሜሪካ ተላከ።

ዶሮቲ ወደ ተወለደችበት አገር ከተመለሰች በኋላ፥ የባሌ አገር ጉዳይ ምን ገዶኝ ልትል በቻለች ነበር። እንዲህ ግን አላደረገችም። በ1937 በኒው ዮርክ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ሲቋቋምና የኢትዮጵያ ድምፅ የሚባለው ጋዜጣ ሲታተም ከባልዋ ጋር ሠራች። መላኩ በግንቦት 1940 ያገሩን ነጻነት ሳያይ በአርባ ዓመቱ ሞተ። እነዚህ ሁለቱ በኢትዮጵያ አብረው የኖሩት ጥቂት ወራት ብቻ ነው። ሆኖም ሰው በአንድ አገር ውስጥ ብዙ ዘመን ኖሮ አገሩ በልቡ ላይገባ እንደሚችል፥ ጥቂት ወራት ኖሮም አገሩን በልቡ ይዞ ሊወጣ እንደሚችል ታሪካቸው ያሳያል።

ሕግ የሚሰጠውና የማይሰጠው

በ1930፥ በእኛ አቈጣጠር በ1922 ዓ.ም.፥ የወጣው የዜግነት ሕግ ኢትዮጵያዊ ወንድ በሕግ ያገባት የውጭ አገር ሴት ኢትዮጵያዊት እንድትሆን ፈቅዶ ነበር። ኢትዮጵያዊት ያገባ የውጭ አገር ወንድ ግን እንዲህ ያለ መብት አልነበረውም። በ2003፥ በእኛ በ1996 ዓ.ም.፥ የወጣው አዋጅ ቁጥር 378 ወንዱንና ሴቲቱን እኩል አደረገ። በዚህ አዋጅ መሠረት ዜግነት የሚጠይቅ የትዳር ጓደኛ ከተጋባ ቢያንስ ሁለት ዓመት ሊሆነው፥ ከማመልከቻውም በፊት ቢያንስ አንድ ዓመት በኢትዮጵያ ሊኖር ይገባዋል። የቀድሞ ዜግነቱንም መተው ያስፈልገዋል።

ይህ የመጨረሻው ነገር ቀላል አይደለም። የተወለደበትን አገር ዜግነት የሚተው ሰው፥ እናቱ በታመመች ጊዜ ወደ ገዛ አገሩ ለመግባት እንደ እንግዳ ፈቃድ ይጠይቃል ማለት ነው። ስለዚህ ባል ሚስቱን፥ ሚስትም ባልዋን ወደዚህ ውሳኔ ሊያስቸኵሉ አይገባም። ሕግ ዜግነትን ይሰጣል፤ ጎረቤትነትን ግን መስጠት አይችልም። ያን የሚሰጡት ሰዎች ናቸው።

ለሚጋቡት የሚገባ ምክር

በመጀመሪያ፥ ከጋብቻ በፊት እውነቱን መናገር ይገባል። ሙሽራይቱ አገሩን በመስከረም፥ አደይ አበባ ሜዳውን በሸፈነ ጊዜ ብቻ አይታ እንዳትፈርድ፤ በሐምሌም፥ ጭቃው እግር በሚይዝበትና ጉሙ ከቤት በማያስወጣበት ጊዜ ትየው። የውኃው መንገድ ምን ያህል እንደሚርቅ፥ ጾሙ ስንት ቀን እንደ ሆነ፥ ከእናቱ ጋር ባንድ ግቢ መኖር እንዳለ አስቀድሞ ይነገራት። በተሸፈነ ነገር ላይ የተሠራ ትዳር ሲገለጥ ይፈርሳል።

ሁለተኛ፥ ቋንቋን መማር የሁለቱም ሥራ ነው። እንግዳይቱ ያገሩን ቋንቋ ትማር፤ ባልየውም የእርስዋን ቋንቋ ይማር። ሰው ሲያዝንና ሲታመም የሚናገረው በእናቱ ቋንቋ ነውና፥ ያን ቋንቋ የማያውቅ ባል ሚስቱን በደስታዋ ቀን ብቻ ያውቃታል።

ሦስተኛ፥ ጠብ ሳይመጣ ሽማግሌ ማዘጋጀት ይገባል። ባገር ልማድ ወገን የሌለው ሰው የጡት አባት ይይዛል። እንዲሁም ባልየው በሠርጉ ሰሞን አንድ የታመኑ አባትና አንዲት የታመኑ እናት መርጦ፥ ይህች ልጅ የእናንተ ናት፥ ብበድላት ለእርስዋ ቁሙላት እንጂ ለእኔ አትቁሙልኝ ብሎ አደራ ይስጥ። እነርሱም የባልየው ሥጋ ዘመዶች ባይሆኑ ይሻላል። ሥልጣኑን እንዲህ አድርጎ በራሱ ፈቃድ የሚያካፍል ባል አይዋረድም። ሚስቱ ከእርሱ ጋር የምትኖረው መውጫ አጥታ ሳይሆን ወድዳ እንደ ሆነ ያውቃልና፥ በዚህ ደስ ይለዋል።

አራተኛ፥ እንግዳውም የራሱ ድርሻ አለበት። በየማዕዱ ያገሩን እንጀራ ከአገሩ ዳቦ ጋር እያወዳደረ የሚነቅፍ ሰው ወዳጅ አያገኝም። ለቅሶ ይድረስ፥ ወላድ ይጠይቅ፥ የማኅበሩን ተራ ይቀበል። ቋንቋው ባይሞላለትም እንኳ ባዘነ ሰው ቤት ዝም ብሎ መቀመጥ ከብዙ ንግግር ይበልጣል። ያን ቀን ከእነርሱ ጋር የተቀመጠውን ጎረቤቶቹ አይረሱትም።

አምስተኛ፥ ልጆቹ የሁለቱም አገር ልጆች ይሁኑ። የእናታቸውን ወላጆች ስም ሳያውቁ የአባታቸውን ብቻ እስከ ሰባት ቤት የሚቈጥሩ ልጆች ግማሽ ብቻ ተምረዋል። እናታቸውም ወደ አገርዋ ደብዳቤ ስትልክ ወይም ወላጆችዋን ለማየት ስትሄድ፥ ልትከዳን ነው ተብላ አትታማ። የተወለደበትን አገር የሚረሳ ሰው የተዛመደውን አገር ደግሞ ሊረሳ ይችላል።

ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳሉ ይባላል። ይህ ተረት ካንድ ወንዝ ማዶ ለማዶ የተወለዱ ብቻ ይጋቡ ማለት አይደለም። ባሕሩ ጠባይ ነው፤ እውነትን የሚወዱ ሁለት ሰዎች በተለያየ አገር ቢወለዱም ካንድ ባሕር የተቀዱ ናቸው። ለኩራት፥ ወይም ወደ ውጭ አገር ለመሻገር ሲል የባዕድ አገር ሰው የሚያገባ ግን ጋብቻን እንደ ገበያ ቈጥሮታል። ገበያም ሲመሽ ይፈታል።

በረቡዕ ማታ ሰዉ ሁሉ ወደየቤቱ ሲመለስ ሜዳው ጸጥ ይላል። ያን ጊዜ አንድ መንገደኛ ቆሞ፥ ከገበያው ሜዳ አጠገብ በሚታየው ቤት ደጃፍ የተቀመጠችውን የባዕድ አገር ሴት፥ አንቺ የማን ነሽ? ብሎ ቢጠይቃት፥ በባልዋ ስም ብትመልስ ገና እንግዳ ናት። እርስዋ አፍዋን ሳትከፍት ጎረቤትዋ ከጓሮዋ ቀና ብላ፥ የእኛ ናት ብላ ብትመልስላት ግን፥ ጋብቻው ያን ቀን ተፈጸመ።

ጥያቄ።

1. በገበያ የሚያልፍ እንግዳና ገበያ ከተፈታ በኋላ የሚቀር እንግዳ በምን ይለያያሉ?

2. ከባዕድ አገር የመጣች ሚስት ከባልዋ ጋር ብትጣላ የሚጐድላት ምንድር ነው?

3. ሩትን ቤተኛ ያደረጓት ሦስቱ ነገሮች ምንና ምን ናቸው? ከእነዚህስ በንግሥት እሌኒ ታሪክ የሚታየው የትኛው ነው?

4. የሱዛንና የዋልድማየር ኑሮ በ1868 እንዴት ተገለበጠ?

5. ምንም አላሉም የሚለው ቃል ለምን ይጐዳል?